የእማዬ መርዶ

ታኅሣሥ 18፣ 2015

ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ ጠፋ። በእግሬ መጣሁ። እቤት ስገባ እማዬ ከቴሌቪዥን ጋር ስትጣላ ደረስኩ።

"'ሕፃናቶች' አይባልም! 'ሕፃናት' ራሱ ብዙ ነው!"

ዜና አንባቢው አይሰማትም። እሷ ግን ታርማለች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማስተማር ካቆመች ዘመን ሆኗል፤ ማረም ግን አላቆመችም።

ዛሬ በምርኩዝ ፋርማሲ ድረስ ሄዳ ኢንሱሊን ገዝታለች። ብቻዋን! ለተስፋልደት ነው። "መንገዱ ከተከፈተ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይኸው ነው" አለችኝ። ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጎን አስቀምጣዋለች። ወንድሜ አዲግራት ነው፤ ስኳር አለበት። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አሁን ስልክ እየተከፈተ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን ሐዱሽ ትናንት እህቱን አግኝቷል።

እማዬ ስልኳን መቁጠሪያዋ አጠገብ አድርጋ ተኛች።

ታኅሣሥ 21

ቢሮ ነበርኩ፣ ሩዋንዳ ሰፈር። አንድ ደንበኛ ትኬት ሊቆርጥ ፊቴ ተቀምጧል። የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ሊድያ... እኔ ነኝ። አለም።"

የተስፋልደት ሚስት። "አለምዬ! ደህና ናችሁ? ተስፋልደትስ?"

 

"መድኃኒቱ አለቀ" አለችኝ። "ካቻምና ነሐሴ።"

ካቻምና። እኛ እዚህ "ስልክ ይከፈት እንጂ ይደውላል" ስንል እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

ደንበኛው "በመስኮት በኩል ይሁንልኝ" አለኝ። በመስኮት በኩል አደረግሁለት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ የሹራቤን እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ። ዓይኔን ታጥቤ ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ "ጉንፋን ይዞሻል?" አለች። አዎ አልኳት።

ታኅሣሥ 22

ሲኤምሲ፣ መርሃዊ ቤት። ታላቃችን ነው፤ አባባ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ቤት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲጨርስ ፊቱን ጠርጎ "እማዬ መስማት የለባትም" አለ።

"እስከ መቼ?"

"ገና ይለፍ። ሐኪሙ ስለ ልቧ ያለውን ሰምተሻል። ደግሞ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ነው።"

እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ እሺ አልኩ። ጥቁር መልበስ አንችልም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሁላችንም እማዬ ጋ በላን። ካቶሊኮች ነን፤ ከምግብ በኋላ እንደ ልማዷ መቁጠሪያ አስደገመችን። የመጨረሻውን ምስጢር፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ጸሎቶች፣ "ለልጄ ለተስፋልደት ጤና" ብላ አቀረበች። ሁላችን "አሜን" አልን። መርሃዊ ምንጣፉን ያያል። እኔ ግድግዳውን።

ለሞተ ሰው ጤና... አሜን።

ጥር 3

የሐዱሽ የእህት ልጅ ነገ ወደ መቀሌ ይበርራል። እማዬ ሰምታለች። ኢንሱሊኑን በበረዶ አሽጋ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "እጁ ላይ አስረክቢ። ፀሐይ እንዳያገኘው በይው።"

ወስጄ የቢሮ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።

"ሰጠሽው?"

"ሰጠሁት።"

"ተባረኪ ጓለይ።" የእኔ ልጅ ማለቷ ነው። ደስ ሲላት ብቻ ነው በትግርኛ የምትጠራኝ።

ጥር 5

"ደረሰው?" ገና ነው እማዬ።

ጥር 8

"ደረሰው?"

ጥር 14

ሐዱሽ ሊጠይቃት መጣ። ያውቃል፤ ነግረነዋል። ምስኪን፣ ሻይውን ሳይጨርስ ተነሣ። እሱ እንደ ወጣ እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

"የሐዱሽ እህት ደወለች። የደብሩ ቄስ ደወሉ። አብረውኝ ያስተማሩ ሰዎች እንኳ ደወሉ። ለሁሉ የተከፈተ ስልክ ለእኔ ልጅ ብቻ ተዘጋ?"

"ኔትወርኩ እነሱ ሰፈር..."

"እሺ" አለች። ታምነኛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸት አልወድም ስትል የኖረች ሴት፣ እንደምዋሻት አታስብም።

ለመርሃዊ ደወልኩ። "ከፋሲካ በኋላ" አለኝ። ገና ነበር እኮ ያልከው! ስልኩን ዘጋው።

ጥር 22

አባ ገብረዋሕድ ቅዱስ ቁርባን ይዘውላት መጡ። ከሰሞኑ እግሯ ስላበጠ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻለችም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሲወጡ በሩ ላይ ያዝኳቸው።

"አባ፣ ስለ ተስፋልደት ከጠየቀችዎት..."

"ጠይቃኛለች። 'ሕያው ነው ብለውኛል፤ ለጤናው ቅዳሴ ያድርሱልኝ' አለችኝ።"

"ምን አሏት?"

"እጸልይለታለሁ አልኳት። ለነፍሱ እንደምጸልይ ግን አልነገርኳትም።" ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሹታል። "ሊድያ፣ እኔ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሙታን የጸለየች ሴት ናት። ለገዛ ልጇ ነፍስ መጸለይን ስታስቀሩባት ምን እንደምትወስዱባት ታውቃላችሁ?"



የካቲት 1

ነገርኳት።

አላሰብኩትም ነበር። ምሳ አቅርቤላት ተቀምጫለሁ። ፋርማሲ ሄጄ ሌላ ኢንሱሊን እንድገዛ ነገረችኝ። "የመጀመሪያው እስካሁን አልቆበታል" አለች። ቀኑን ቆጥራ! አፌን ከፍቼ "እሺ" ልል ነበር። የወጣው ሌላ ሆነ።

"እማዬ፣ ተስፋልደት የለም።"

"የት ሄደ?"

እንደዚህ ነው ያለችው። የት ሄደ። ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። አሁን ገባት። አልጮኸችም። እጇ ብቻ ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ ይጨብጣል፣ ይለቃል።

"መቼ?"

"ካቻምና። ነሐሴ።"

"እናንተ መቼ ሰማችሁ?"

"ከገና በፊት።"

ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው። ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ሆነ፣ በልጅነቴ ከኮሪደር ማዶ የሚሰማው።

"አባታችሁ ሲታሰር አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር። በየቀኑ ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው ሣህኑን ይቀበለኛል፣ የትናንቱን ባዶውን ይመልስልኛል። በላልኝ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ መሄድ በጀመርኩ በሳምንቱ ገድለውታል። ወራት ሙሉ ምግቡን ሲበሉ የነበሩት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው እንኳ 'አንቺ ሴት፣ ተመለሺ' አላለኝም። ... እነሱስ ጠባቂዎች ናቸው። እናንተ ልጆቼ ናችሁ።"

ይህን ታሪክ ነግራን አታውቅም። አባባ እንደተገደለ አውቃለሁ። ሣህኑን አላውቅም ነበር።

"ለልጄ ነፍስ አንድ ጸሎት ሳላደርስለት..." ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። አጠገቧ ሆኜ። ሁለታችን ብቻ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ወግ፣ ምሳው ፊታችን ቀዝቅዞ።

የካቲት 2

መርሃዊ መጣ። እማዬ ጉንጩን ሳመችው እንጂ አልተናገረችውም። እኔን ግቢ አወጣኝ።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ኢንሱሊን ግዢ አለችኝ፣ መርሃዊ። ሌላ ኢንሱሊን!"

"ትገዢ ነበራ! ምን ይጎዳሻል?"

ወደ ቤት ልገባ ዞርኩ።

"አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው።"

የካቲት 5

ለተስፋልደት ቅዳሴ። እማዬ በተሽከርካሪ ወንበር ሄደች፤ ጥቁር ለብሳ። ስሙ ሲጠራ ጮክ ብላ "እግዚኦ ተሣሃለነ" አለች፣ ከዘማሪዎቹ ቀድማ። ያገራችን ሰዎች ተሰብስበው አለቀሱ። ኢንሱሊኑን ከቢሮ አምጥቼ ነገርኳት። ምንም አልተቆጣችም። "ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው" አለች። ለአባ ሰጠሁ።

የካቲት 9

ቀን ቀን ለአለም ትደውላለች። በሩን ዘግታ፣ ለረጅም ሰዓት። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ስትወጣ ዓይኗ ያብጣል፤ ምሳ ግን ትበላለች።

ዛሬ ፀጉሯን ሳበጥርላት "አዲግራት ውሰጂኝ፣ መቃብሩን ልየው" አለችኝ። ሐኪሙ ይፈቅዳል? እጠይቃለሁ አልኳት።

የካቲት 12

እማዬ አረፈች። ረፋድ ላይ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ...

የካቲት 14

ትናንት ቀበርናት። ቀባሪው ብዛቱ! ያስተማረቻቸው፣ የልጆቻቸው ልጆች፣ ሲስተሮቹ። እኔ ግን የምሰማው የመርሃዊን ድምፅ ብቻ ነው። ትናንት በሬሳዋ ፊት ጆሮዬ ሥር "ደስ አለሽ?" አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አወሩ። ጉቱ ይባላሉ። ይህ ሰፈር ቪላና አፓርታማ ሳይሆን የእርሻ መሬት ሳለ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። በደርግ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት እማዬ ከከተማ ድረስ ትመጣላቸው ነበር።

"አማርኛ አላውቅም ነበር። ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣለች፤ 'ይህ ምንድን ነው?' አለች። 'ቢሻን!' ብዬ ጮህኩ። ከከተማ የመጡት ሳቁብኝ። እትዬ ሃረገወይን አልሳቀችም። 'ቢሻን' ብላ ጻፈች። ከሥሩ 'ውሃ' ብላ ጻፈች። 'ሁለቱም ልክ ነው፤ የሳቃችሁት ደግሞ ሁለቱንም ትጽፋላችሁ' አለች። የመጀመሪያ ያነበብኩት ቃል የራሴ ቋንቋ ነው።" ከዚያ ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው።

ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ ያወራል። ደግ ብቻ ነበረች? ማስመሪያዋን የቀመሰ ያውቃል። ከባሌ ስለያይ ዓመት ሙሉ በወጉ አላናገረችኝም። "ቃል ኪዳን እንደ ጫማ አይወለቅም" ትለኝ ነበር። በኋላ ራሷ መጥታ ዕቃዬን አሸክማ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። አልጋዬን ግን ራሷ አነጠፈች። ወላጆቿን በልጅነቷ ቀብራ ሲስተሮቹ ቤት ያደገች ሴት ናት። መመንኮስ ፈልጋ ነበር። አለቃዪቱ ናቸው አሉ፣ "አንቺ ትእዛዝ ትሰጫለሽ እንጂ አትቀበይም፤ አስተማሪ ሁኚ" ያሏት። ይህን እያወራች ትስቅ ነበር።

ገደልኳት?

የካቲት 23

መርሃዊ አያናግረኝም። ጾም ገብቷል።

መጋቢት 6

ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅሁ። "ልቧ ደክሞ ነበር። ብትሰማም ባትሰማም... ማንም ሊያውቅ አይችልም" አለኝ። ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምነው አዎ ወይ አይደለም ቢለኝ።

መጋቢት 21

አለም መጣች። ከልጇ ከረሆቦት ጋር። ቦሌ አየር ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። አለምን መጀመሪያ አላወቅኋትም። ያ ሁሉ ሰውነቷ የት ሄደ? ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ቆማ ታየኛለች። ዓይኗ የተስፋልደት ነው።

ቤት ገብተን አለም የእማዬ ወንበር አጠገብ ስትደርስ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ከዚያ እኔም ያስጨነቀኝን አወጣሁት።

"አለም፣ እኔ ነኝ የነገርኳት። ባልነግራት ዛሬ ትኖር ይሆን?"



"እኔ እሱን አላውቅም" አለች። "እኔ የማውቀው ይህን ነው። ተስፋልደት ሲሞት ቀባሪ አልነበረም። ሁሉም የራሱን ሬሳ ይዟል። ከዚያ ስልክ ሲከፈት ሁላችሁም ደወላችሁ፤ 'አይዞሽ' አላችሁኝ፤ ቶሎ ዘጋችሁ። እንዴት እንደሞተ የጠየቀኝ የለም። አደይ፣ እናታችሁ፣ ደወለች። 'ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ' አለችኝ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ምን አለ? ውሃ ሲጠማው ማን አጠጣው? ማን ዓይኑን ከደነ? ሁሉን ጠየቀች። አለቀስኩ፤ ጠበቀችኝ። በማግስቱ ደወለች፤ ከቆምንበት ቀጠልን። እስክጨርስ። የመጨረሻው ቀን 'በቃ፣ አሁን ብቻሽን አልተሸከምሽውም' አለችኝ።"

"መቼ ነበር?"

"ባረፈችበት ዋዜማ።"

መጋቢት 24

የእማዬ አርባ፣ ወደ እሑድ ተዛውሮ። ቅዳሴው ላይ አባ ሁለቱንም ስም አንድ ላይ ጠሩ፤ ተስፋልደት፣ ሃረገወይን። ጸለይኩ። እንደ እሷ አይደለም፤ አላውቅበትም። ግን ከልቤ "እግዚኦ" አልኩ።

ከዚያ እዚህ እኛ ቤት ዝክር። ሰው በልቶ፣ አጽናንቶ ሄደ። መርሃዊ ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ። ሸምግሏል። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ።

ሰሃን እያነሣሁ ነበር። "ተዪው፣ ቁጭ በይ" አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። ከጎኔ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካ። ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠበቅሁም።

"አለም" አላት። ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንድሜ እንዴት እንደሞተ... እኔ አልጠየቅሁሽም።"

"አልጠየቅከኝም" አለች።

"አሁን ንገሪኝ።"

አለም ረሆቦትን ወደ ውጭ እንድትወጣ ነገረቻት። ልጅቷ "እኔም ነበርኩ እኮ" አለች፤ አልወጣችም። እናቷ ጎን ተቀመጠች።

አለም ነጠላዋን አስተካከለች። መርሃዊ እጄን ያዘኝ፤ አጥብቆ፣ እንደ ልጅ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀመረችለት።