ቀዩን ኮት የጣለው ሰው

ቦስተን፣ ጥቅምት 1769

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽን አሁንም ያምሻል ወይ? ላሟስ ወለደች? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ጤናዬ ደህና ነው፤ የበርሜል ሥራዬም አልተቋረጠም። ውስጤን ግን ቅናት እየበላው ነው። አንቺን ደግሞ መቼ ደብቄሽ አውቃለሁ።

የእንግሊዙ ንጉሥ ያለ ጦርነት ያሰፈረብንን ጦር ሰምተሻል። በገዛ አገራችን በየመንገዱ እያስቆሙ «ማነህ? ወዴት ነህ?» ይሉናል። ከነሱ አንዱ ኦወን የሚባል ቀይ ኮት ለባሽ ወታደር ነው። ከዘብ ሲወጣ ሳንቲም ለመልቀም የታቢታ አባት ዘንድ ሻማ ያፈሳል። ታቢታ ያቺ ልቤን ጥዬባታለሁ ብዬ የጻፍኩልሽ ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ የሞራ በርሜላቸውን ስጠግን ከእግዜር ይስጥልኝ በቀር ምንም አልደረሰኝም። ይሄ ገጣጣ ግን መጥቶ ወር ሳይሞላው ሳቋ እኔ ሱቅ ድረስ ይሰማ ጀመር። ምን እንደሚላት እንጃለት!

በዚህ ተቃጥዬ በከተማው ሸንጎ ተነሣሁ። በሰላም ቀን የተቀመጠ ጦር ጠላት ሲያጣ እኛኑ ጠላት ያደርገናል አልኩ። ወታደሩ ራሱ በጅራፍ የሚነዳ ሎሌ ነው፣ ሎሌ ደግሞ የሰው ነጻነት አይጠብቅም አልኩ። ሞቅ ሲለኝም፣ «ኮቱን ጥሎ የመጣ ግን ወንድማችን ነው፤ ደጄ ክፍት ነው» ብዬ ጨመርኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሽማግሌዎቹ እጄን ጨበጡኝ። እኔ ግን፣ እናቴ፣ ያን ሁሉ ስናገር ዓይኔ ላይ የነበረው የአንድ ሰው ኮት ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኦወን ታቢታ ቤት አምሽቶ ተገኘና አለቆቹ በከተማው መስክ ላይ ገረፉት። በማግስቱ ታቢታ ሱቄ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«በሸንጎ ያልከውን አባቴ ነግሮኛል» አለችኝ። «ኮቱን ጥሎታል። ጓሮህ ነው ያለው። ቃልህ ቃል ነው አይደል?»

የከዳ ወታደር ከተያዘ ቅጣቱ ጥይት ነው። ትልቁ የዓሣ በርሜል ውስጥ ከተትኩት፣ ጋሪ ላይ ጫንኩትና ወደ ከተማው በር ነዳሁ። ዘቡ አስቆመኝና ምን ይዘሃል አለ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ታቢታ የኔ ትሆን ነበር፤ የኔ ባትሆን እንኳ የሱ አትሆንም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር እልሻለሁ። ከበርሜሉ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የበሰበሰ ዓሣ ነው። ልክፈትልህ?» አልኩት። አፍንጫውን ይዞ አሳለፈኝ።

ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የሰጠሽ ሰው እሱ ነው። ፊደል ስላልቆጠረ ነው ሆዴን እንዲህ የዘረገፍኩት። የበቆሎ ገንፎ ስጪው። ጀርባው እስኪድን በሆዱ ይተኛ፣ በኔ አልጋ። ግራጫው ኮቴም ይሆነዋል። በረዶው ሲቀልጥ ታቢታ ትከተለዋለች። ማሳውን እሱ ይረስልሽ፤ እኔ በጸደይ አልመጣም፣ ከዚያም ወዲያ እንጃ።

ስለሷና ስለኔ ግን፣ አደራሽን፣ ትንፍሽ እንዳትዪ። ለነጻነት ሲል አዳነኝ ብሎ ያምናል፤ ሲሰናበተኝ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እንዲያ እንዳመነ ይኑር።

እግዚአብሔር ጎተራሽን ይሙላልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ስትጽፊልኝ ስለ ሠርጋቸው አትንገሪኝ። ደህና ናት ብቻ በይኝ።

ልጅሽ