ለስላሳው መኪና

ውድ ሲስተር፣

የእጅ ጽሑፌን ገና ፖስታው ላይ ስታዪው ሳታውቂው አትቀሪም። ሦስት ዓመት ሙሉ በጉዞ መመዝገቢያው ላይ ከፊርማሽ ጎን ስሞነጫጭር አይተሽኛል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ያማረ ነገር አትጠብቂ። አንቺ እያልኩ የምጽፈው ሙያሽን ንቄ አይደለም፤ "ጋሼ" እያልሽ ስላስለመድሽኝ ነው። ያ ስም ዛሬ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደተነሳንም አውቃለሁ። ኮሚቴው ፊት "ሰዓት አላየሁም" ያልኩት ውሸት ነው። የቀረውን ማንበብ ቢያስጠላሽ እንኳ ይህቺን አንብበሽ እንድትተዪው ብዬ አስቀደምኳት።

ነገሩ የተበላሸው ግን ያን ቀን አልነበረም፤ መኪና የመረጥን ጊዜ ነው። ለጤና ጣቢያችን አንድ መኪና ይገዛል ተብሎ ሁለት ለሙከራ መጡ። ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሲዞራቸው ታስታውሺያለሽ። አንደኛዋ ነጭ፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ የማይሰማ፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ "ሙሽሪት" ብላ ሰየመቻት። ሁለተኛው ከፍ ብሎ የቆመ፣ ጎማው ወፍራም፣ በሩ ሲዘጋ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፤ እሱን "በሬው" አላችሁት። ኃላፊያችን ሙሽሪትን ሦስቴ ዞራት። የበሬውን ጎማ በጫማው መታ አድርጎ አለፈ።

ስብሰባው ላይ እጅሽን አውጥተሽ፣ "ሶፋውን ለቢሮ ግዙት፤ ለእኔ መኪና ግዙልኝ" ስትዪ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኃላፊው ብቻ አልሳቀም።

"ሲስተር፣ አንቺ አዋላጅ ነሽ። መኪና የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። እሱ ሁለቱንም ነድቶ ይጻፍ፣ በጻፈው እንሄዳለን" አለ።

አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ ፈገግ አልሽ። ተማምነሽብኝ ነበር። ወደ ማዶ መንደሮች የሚወስደውን የወንዙን መንገድ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረምና።

ባለቤቴን ታውቂያታለሽ። ከሥራ ስትወጪ ቤታችን ጎራ እያልሽ የማስታገሻ መርፌዋን የምትወጊያት አንቺ ነበርሽ። ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል የማደርሳት በሚኒባስ ነበር። ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር የሻርፗን ጫፍ ትነክሳለች እንጂ አትጮህም። ስንወርድ ሻርፑን አየው ነበር፤ ተበሳስቶ።

ሁለቱን መኪኖች ስሞክር ሁለቱንም በቤቴ በኩል አዞርኳቸው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ በሬው ላይ አስቀመጥኳት፤ ሁለተኛው ቅያስ ሳንደርስ "አውርደኝ" አለችኝ። ሙሽሪት ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቼ በዚያው ኮረኮንች ወሰድኳት። ዞር ብዬ ሳያት እንቅልፍ ወስዷታል። ሲስተር፣ ያለ መርፌ እንቅልፍ ሲወስዳት ካየሁ አራት ወር አልፎኝ ነበር። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ አንድ ሰዓት ያህል ፊቷን ሳይ ቆየሁ።

ስትነቃ ዙሪያዋን ቃኘች።

"ይቺን ነው የምትመርጠው?"

"ገና አልወሰንኩም።"

"ለእኔ ብለህ እንዳይሆን። ያ የወንዝ መንገድ አለ አይደል?"

"አንቺ ደግሞ! ማን ለአንቺ አለ? መኪናዋ ጥሩ ሆና ነው።"

"ስትዋሽ አንገትህን እንደምታክ ታውቃለህ?" አለችና ሳቀች። እጄ እውነትም አንገቴ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጻፍኩ። "ሁለቱም ለመንገዳችን ይሆናሉ፤ ነጯ ግን ትመረጣለች።" ጎማዋ ስስ መሆኑን፣ ሆዷ ለድንጋይ ቅርብ መሆኑን፣ ትርፍ ጎማዋም ከተማ ውስጥ ጎሚስታ ቤት ድረስ ብቻ የምታደርስ ቀጭን መሆኗን አልጻፍኩም። ሁሉንም አይቼዋለሁ። ኃላፊው አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ባለቤትህንም በእሷ ታመላልሳለህ፣ ፈቅጄልሃለሁ" አለ። አልጠየቅኩትም ነበር። ለካ ውስጤን አውቆታል።

ያን ቀን የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን በዚህ ሰሞን እውነተኛ ቃሌን የሰጠሁት እንዲህ ብዬ ስለሆነ እንዳለ ልጻፈው። ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት ምጥ ላይ ሆና ደም እየፈሰሳት ነው ተብሎ ረፋዱ ላይ ተደወለ። ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ እየሮጥሽ ወጣሽ፤ ጋውንሽን የቆለፍሽው መኪናው ውስጥ ነው። ከግቢ ስንወጣ አራት ሰዓት ከአምስት ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ድንጋይ የፊት ጎማውን ሰነጠቀው። ክሪኩን እያቀበልሽኝ ትርፏን ጎማ አየሻትና፣ "ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አልሽኝ። ልታስቂኝ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም። መቶ ሜትር ሳንሄድ ሁለተኛው ጎማ ተቀደደ።

"በቃ፣ በእግሬ ነው" አልሽ። ዕቃውን ተሸክሜ ተከተልኩሽ፣ አልደረስኩብሽም። ቤቱ ጋ ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ከክፍሉ ወጥተሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለሻል። "ገላዋ ገና ይሞቃል ጋሼ" አልሽኝ። ከውስጥ የሕፃኗ ልቅሶ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮው ጠራኝና በሩን ራሱ ዘጋ።

"ስንት ሰዓት ነው የተነሳችሁት?"

"አራት ሰዓት ከአምስት።"

"አይደለም። ስድስት ሰዓት ነው። አንተ መኪና አስነስተህ ስትጠብቅ ሲስተር ዘገየች። ጎማው የተቀደደው ስትመለሱ ነው።"

"በእግራችን መድረሳችንን እኮ የማዶ ሰው አይቷል፣ ጌታዬ።"

"የማዶ ሰው ማን ይጠይቀዋል? ስማ፣ መኪናዋን መርጠህ የፈረምከው አንተ ነህ። ጎማ ካልን መኪናዋ ምርመራ ትገባለች፣ ትታሰራለች። ማክሰኞ ባለቤትህን በምን ልታደርሳት ነው? በጀርባህ?"

አዲስ የጉዞ መመዝገቢያ ገጽ ሰጠኝ። ስድስት ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። አራት ሰዓት ከአምስት የሚለውን የድሮውን ገጽ "ቅደደው" አለኝ፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንዳልቀደድኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጀግንነት ግን አልነበረም።

ሞቱን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት ወደ እኔ ዞረሽ፣ "ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል? ንገራቸው እንጂ" አልሽኝ። "ሰዓት አላየሁም፤ የተጻፈው ልክ ይሆናል" አልኩ። ዘግይተሻል ተብለሽ ከሥራ ታገድሽ፣ የሙያ ፈቃድሽም ተያዘ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ፤ ስከፍት አንቺ ነሽ። ልትሰድቢኝ የመጣሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንቺ ግን "የመርፌዋ ሰዓት ደርሷል" ብቻ ብለሽ ገባሽ። እጅሽን ታጠብሽ፣ ወጋሻት፣ ትራሷን አቃናሽላት፣ ቦርሳሽን አንስተሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴን የሚወጋት ሌላ ሰው ነበር። "ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች?" ባለችኝ ቁጥር "ተዛውራ ነው" እላት ነበር። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ እሷም ዐረፈች። እውነቱን ሳልነግራት።

ከቀብሯ በኋላ ጸሎት እምቢ አለኝ። ይቅርታ የሚለው ቦታ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ሰው ሐዘን ነው ይለኛል፣ እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሰኞ ዕለት የታጠፈውን ገጽ ይዤ የሙያ ፈቃድሽን ጉዳይ ወደሚያዩት ሰዎች ሄድኩ። ቃሌን የተቀበለችኝ ልጅ ሁለቴ አነበበችው።

"አባት፣ ይሄ እርስዎንም ያስጠይቃል።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?"

ቃሌ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። ዛሬ የተናገርኩት ማክሰኞ የማደርሳት ሰው ስለሌለኝ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር፣ ያቺ መኪናም የእሷ ማረፊያ ብትሆን፣ ያንን ወረቀት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ዛሬም ዝም እል ነበር ይሆናል። አልልም ነበር ብዬ ልምልልሽ ፈልጌ ብዕሬን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩ። እግዚአብሔር ፊት ይህን መማል አልችልም። ንስሐዬ ይህን ያህል ርካሽ እንደሆነ እወቂው።

ትናንት ወንዙን ተሻግሬ የሟቿን ባል ፈልጌ ሄድኩ። ግንበኛ ነው፤ ደጁ ላይ ሲሚንቶ እያቦካ አገኘሁት። የወንበሩን፣ የጎማውን፣ የገጹን ነገር ሁሉ ነገርኩት። አካፋውን ይዞ እንደቆመ ሰማኝ። ስጨርስ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ሚስትህስ ተሻላት?" አለኝ።

"አልተሻላትም። ሞታለች።"

እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ሲፍቅ ቆየ። "እሷ እንኳ በዳነች ምናለ" አለ። ይሄኔ ከቤት ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ እጁን ታጥቦ ገባ። ብዙ ጠበቅኩት፤ ተመልሶ አልወጣም።

ሲስተር፣ ሐሙስ ጠዋት ጉዳይሽ ሲታይ እዚያ እገኛለሁ። ኃላፊው ተቀምጦ እያየኝ፣ አራት ሰዓት ከአምስት መነሳታችንን፣ ጎማው ስንሄድ መቀደዱን፣ መኪናዋን ለምን እንደመረጥኩ እናገራለሁ። ያንቺን ፈቃድ ይመልሱልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔን መንጃ ፈቃድ ግን ይወስዱታል፣ መውሰድም አለባቸው። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። የሰው ሸክም አሸክሜሽ ሳበቃ ሌላ ልጨምርብሽ አልፈልግም። በሩ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበለው አልበለው ብለሽ አትጨነቂ። ሰላም ባትዪኝም ገብቼ የምናገረው ያው ነው።

ሾፌሩ