ያላሰመርሁት ሳቅ

ሰኞ፣ ኅዳር ፫

ጧት ካፊያ ነበር። ጃንጥላዬን ረስቼ ወጥቼ ኮቴ ረጥቦ ስቱዲዮ ደረስሁ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ይህ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ከተቀበለኝ ሊያስቸግረኝ ነው ማለት ነው። እንደ ፈራሁትም አልቀረ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔ እያንዳንዱን ቃል የጻፍሁት፣ ልዕልቲቱን፣ ልብስ ሰፊውንና ዘንዶውን የወለደው፣ ትልቅ ትንሹን ያሳቀው የካርቱን ተረቴ ተከታይ ተሠርቶለት ሊያልቅ ነው። ጸሐፊዋ ፌንጣ ናት። ተማሪዬ የነበረችው... አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትምና ቅጽል ስሟን ያወጣሁላት እኔው ነኝ።

«ቅዳሜ ለሙከራ ይታያል፤ ጋሼ፣ ሳቁን እንደ ወትሮው እርስዎ ያሰምሩልን» አለኝ።

የስቱዲዮአችን ልማድ ነው። ፊልሙ ሳያልቅ የሰፈር ሰው ጠርተን እናሳያለን፤ አንድ ሰው ለማያ ገጹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይቀመጥና፣ ሳቅ በሰማ ቁጥር ከጽሑፉ ጎን በእርሳስ ያሰምራል። ለፈገግታ አንድ መስመር፣ ለሳቅ ሁለት፣ እንባ ለሚያወጣው ሦስት። መስመር ያላገኘ ትዕይንት ወደ ምስል ቆራጩ ይሄዳል፤ ይግባኝ የለውም። ሃያ ዓመት ያሰመርሁት እኔ ነኝ፤ «ተሳሳቱ» ያለኝ ሰው የለም።

እሺ አልሁ። ምን ቆርጦኝ እሺ አልሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር ፮

ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልሁ። ሠርጉ ከተደገሰ፣ «በደስታ ኖሩ» ከተባለ በኋላ ለተረት ምን ይቀረዋል? ተከታይ ማለት እንግዳ ከሄደ በኋላ ወንበር መሰብሰብ ነው። ይህን ለባለቤቴ ነገርኋት፤ አማረልኝ ብዬ። ካልሲ እያጣጠፈች ነበር።

«ሠርጉማ የአንድ ቀን ነው» አለች፤ «እኔና አንተ የሳቅነውም የተኮራረፍነውም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሠርጉ በኋላ አይደል እንዴ?»

ካልሲዬን ተቀብያት ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፰

እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

በእኔ ፊልም ዘንዶው ያስፈራ ነበር። ልዕልቲቱ የታሰረችበትን ግንብ ሰባት ዓመት ይጠብቃል፣ እሳት ይተፋል፣ ልብስ ሰፊው በመርፌ ወግቶ ያሸንፈዋል፤ አለቀ። በፌንጣ ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ የሚጠብቀው ሰው ያጣው ያ ዘንዶ፣ ባርኔጣውን በጥፍሩ አንጠልጥሎ የሙሽሮቹን በር ያንኳኳል። ልብስ ሰፊው ከፍቶ ቢያየው በሩን መልሶ አፍንጫው ላይ ይዘጋበታል። ዘንዶው ጎንበስ ብሎ በቁልፉ ቀዳዳ ይናገራል፦

«ጌታዬ፣ እመቤቲቱ በእንቅልፍ ልቧ ብርድ ልብሷን በእግሯ ትገፋለች። ማነው መልሶ የሚያለብሳት?»

«እኔ!» ይላል ልብስ ሰፊው ከአልጋ ሥር።

«በስንት ሰዓት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባለቤቴ ጎኗን ይዛ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች። በእኔ ፊልም ትስቅ ነበር... ክንዷን ነካ ሳደርጋት።

ዘንዶው ልዕልቲቱን ሰባት ዓመት ጠበቃት ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በሰባቱ ዓመት ውስጥ ምን አየ፣ ስለ እንቅልፏ ምን ዐወቀ ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የእኔ ፊልም ማን ማን እንደ ሆነ ሲያስተዋውቅ፣ ግንቡን ሲገነባ፣ መንገዱን ሲያሳይ ግማሽ ዕድሜው አለቀ፤ የፌንጣ ግን ሰዎቹን እንደ ጎረቤት ለሚያውቅ ተመልካች መጣና፣ ዘንዶው ገና ደጃፉ ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰው መንፈቅፈቅ ጀመረ። አርሼ፣ ዘርቼ፣ አርሜ ያቆየሁትን እርሷ ማጭድ ብቻ ይዛ መጣች! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ... አይደለም፣ ማን ነከሰኝ? ማንም።

እርሳሱ ጣቴ መካከል ነበር። በሌሎቹ ትዕይንቶች ላይ በሐቅ አሰመርሁ። በዚህኛው ግን አንድም።

እሑድ፣ ኅዳር ፱

ጆሮዬ ደክሞ ይሆናል። ዕድሜ ነው።

ውሸታም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪

ምስል ቆራጩ ደወለ። «የበሩን ትዕይንት አወጣሁት፤ አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ መስመር የለውም። የሚገርምዎ ጋሼ፣ እኔ ጮኼ የሳቅሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻዬን ነኝ።»

«ያጋጥማል» አልሁት።

ያጋጥማል! ይህች ቃል ከአፌ ስትወጣ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፬

ፌንጣ ቤት መጣች። ወንበር ብሰጣት ተቀመጠች፤ መቀመጧ ነው ያስደነገጠኝ።

«የኔታ፣ የሚስቁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ከኋላ ቆሜ ሲስቁ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ካላሰመሩ ግን አልተሳቀም። ጆሮዬ ለራሴ ያደላል ማለት ነዋ?»

ሻይ ቀዳሁላት።

«የራሷን ሥራ መስማት የማትችል ሰው ምን ትጽፋለች? ትርጉም ቤት ሥራ ጠይቄ እሺ ብለውኛል። የመድኃኒት ማብራሪያ ነው። ማንም እንዲስቅ አይጠበቅም።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «የትኛው ነው የተቆረጠው? የቁልፉ ቀዳዳ? ኧረ በስማም! እኔ ጎኔን እስኪወጋኝ የሳቅሁበት?»

«እትዬ፣ እርስዎማ እኔን ስለሚወዱኝ ነው።»

«አንቺንማ እወድሻለሁ፤ ዘንዶውን ግን በምን ዕዳዬ ልውደደው?»

ከዚያ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ልጅቱን እስከ በር ሸኘቻት። በሩ ሲዘጋ፦

«አንተ ሰውዬ፣ የደነቆረው ጆሮህ ነው ወይስ ሆድህ?»

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፯

ወደ ስቱዲዮ ስሄድ በመንገድ ላይ ስለ እርጅና፣ ስለ ድካም፣ ስለ ሰው ልጅ የልብ መሰወሪያዎች የሚያትት፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፣ ሰሚን ሳያስቆጣ የሚያሳዝን ንግግር አሰናዳሁ። ሥራ አስኪያጁ፣ ምስል ቆራጩና ፌንጣ ፊቴ ሲቀመጡ ግን የወጣኝ ሦስት ቃል ነው።

«ሰማሁ፤ ቀናሁ፤ ደበቅሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ያልመጣበትን ሳል ሳለ። ምስል ቆራጩ ብቻ «አላልኳችሁም! ስቄ ነበር እኮ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ የሁላችንን ፊት ሲያይ እጁን ሰበሰበ።

ፌንጣ ቆመች። «ይሄን ሁሉ ቀን ራሴን ደንቆሮ አድርጌ ከረምሁ። አንድ ቃል አይሉኝም? ቤትዎ ድረስ መጥቼ?»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነቴን መሆኑንማ ዐውቃለሁ!» በሩን ወርውራ ወጣች። የኔታ አላለችኝም።

ጽሑፉን ወደ እኔ ስቤ አሰመርሁ፤ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ ስንት ሰው እንደ ሳቀ፣ ሳቁ የት ጀምሮ የት እንደ ቆመ። አንዱም አልጠፋብኝም ነበር። ገና ሳልጨርስ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ለመሆኑ እርስዎስ? 'በስንት ሰዓት' ሲል አልሳቁም?»

«አልሳቅሁም።»

«ጭራሽ?»

«ጥርሴን ነክሼ ነበራ። እስካሁን መንጋጋዬን ያመኛል።»

አልሳቀችም። ግን ትርጉም ቤቱን «ይቅርብኝ» ብላ በስልክ ስትናገር ከመተላለፊያው ሰማኋት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፮

ፊልሙ ወጣ፤ የበሩም ትዕይንት ከቦታው ተመልሶ። ማሰመሩን ለምስል ቆራጩ ሰጥተውታል፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ፌንጣ መግቢያው ላይ እንደ ማንኛውም ሰው «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብላኝ አለፈች። የሚገባኝ ይህ ነው፤ ምናልባትም ከሚገባኝ በላይ ነው።

አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። የሰው ፊት ስመለከት ኖሬ ከሰው ጋር ፊቴን ወደ ማያ ገጹ አዙሬ ስቀመጥ እጄን የት እንደማኖር ጠፋኝ። ዘንዶው ባርኔጣውን ይዞ ብቅ አለ። እንዲህ ሲያፍር እኔ አልጻፍሁትም ነበር። ከእኔው ዘንዶ ይሻላል... ጻፍሁት እንግዲህ። ይሻላል።

«በስንት ሰዓት?»

አዳራሹ ሳቀ፣ ጸጥ አለ፣ ልዕልቲቱ መናገር ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ሳቁ ከሆዴ የመጣብኝ። ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ እየፈሰሰ፣ ብቻዬን። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቴ የተቀመጠችው ሴት ዞር አለች።

«አባት፣ ቀልዱ እኮ አልፏል!»

ማቆም አልቻልሁም።