ከእግራችን ሥር ስለተቆለፈው ስንቅ

ለተከበሩ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ልብዎ፣ ግፊትዎ፣ በተለይም ስኳርዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህን የምለው ለወጉ ያህል ሳይሆን፣ ስኳሩ ደህና ያልሆነ ሰው በእርስዎ አውቶቡስ እንዳይሳፈር ከልቤ ስለምመክር ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ አናጢ ሲሆን ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ባለፈው ወር ከሐኪም ቀጠሮ ስንመለስ በድርጅትዎ አዲስ አውቶቡስ ተሳፍረን ነበርና፣ ስለተደረገልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሮቹ ንጽሕና አመሰግናለሁ። እኔ የመንገድ ስንቅ ስይዝ በዘፈቀደ አይደለም፤ ሆድ የሚይዝ የተቀቀለ እንቁላልና ጥቁር ዳቦ፣ በየመሀሉ የሚቆረጠም ለውዝ፣ ስኳሩ ድንገት ቢወርድ ደግሞ ቶሎ የሚያነሣው ጭማቂና ከረሜላ ለብቻው በትንሽ ከረጢት እይዛለሁ። በሩ ላይ የቆመው ረዳትዎ ሁለቱንም ተቀበለኝ። "እናቴ፣ ምግብ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወንበር ያበላሻል" አለኝ። "ይቺን ትንሿን እንኳ ተወኝ፣ መድኃኒቱ ናት" ብለው፣ "መድኃኒት ከመቼ ወዲህ ነው ከረሜላ የሆነው?" ብሎ ሳቀና ከሻንጣዎቹ ጋር ታች ከተታት። መመሪያዎን እንዲህ በፈገግታ የሚያስፈጽም ሠራተኛ ማግኘትዎ ያስቀናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁልፉ አመሰግናለሁ። የዕቃው ክፍል መነሻው ላይ ተቆልፎ፣ የሚከፍተው ቁልፍ ግን መድረሻው ላይ ባለው ሠራተኛ እጅ እንዲሆን ማዘዝዎ ሌባን ድል ያደረገ ብልሃት ነው። እኛንም አብሮ ድል አድርጎናል።

ምሳ የምንበላበት ከተማ ሳንደርስ አንድ የጭነት መኪና ገደል አፋፍ ላይ ተገልብጦ መንገዱን ዘጋው። ፊትና ኋላችን በመኪና ተጠቀጠቀ። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ የጠዋቱ ኢንሱሊን ግን በባለቤቴ ደም ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ እሱ መንገድ ተዘጋ ብሎ አይጠብቅም። መጀመሪያ አንገቱን ላብ አጠመቀው። ቀጥሎ ሚስማር ሲመታ ዝንፍ የማይል እጁ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስሙን ብጠራው ዞር ብሎ አየኝና፣ "አንቺ ማነሽ?" አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልጆች የወለደችልዎ ሚስት "ማነህ?" ብላዎት ታውቃለች? ከረጢቷ በትክክል ከተቀመጥንበት ሥር እንዳለች አውቃለሁ፤ ስትገባ አይቻታለሁ። እንደ እብድ ወለሉን በጫማዬ ደበደብሁት። "ከረሜላ ያለው! ስኳር ያለው! በፈጠራችሁ!" ብዬ ጮህሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ኪሱን ገለበጠ፤ የሁሉም ስንቅ ታች ነው። ረዳትዎ ፊቱ አመድ መስሎ፣ "እናቴ፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም፣ እውነቴን ነው፣ የለም" ይለኝ ነበር።

ሦስተኛውን ተራ ቁጥር መጻፍ አልቻልሁም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የደረሰልን ሹፌሩ ነው። ከመቀመጫው ሥር፣ ከብርድ ልብሱ መሀል፣ ለራሱ የደበቃትን የብርቱካን ጭማቂ አውጥቶ እየሮጠ መጣ። ባለቤቴ ገና መዋጥ ይችል ነበርና ሹፌሩ ቀና አድርጎ ደግፎ ያዘው። "አባቴ፣ ቀስ ብለው፣ ትንሽ ትንሽ… እንደሱ" ይለዋል። ግማሹ አገጩ ላይ፣ ግማሹ ወንበርዎ ላይ ፈሰሰ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ከንፈሩን አያለሁ። ቆይቶ፣ ለእኔ ዕድሜ ልክ ከመሰለኝ ቆይታ በኋላ፣ ዓይኑ ተመለሰ። "ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" አለኝ።

አራተኛ፣ ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ። ሹፌሩን ላመሰግን ትኬት ቢሮዎ ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ምግብ ደብቆ በመገኘቱ ከሥራ መታገዱን ነገሩኝ። ማስረጃው ወንበሩ ላይ የቀረው የጭማቂ እድፍ ነው አሉ። የባለቤቴ ሕይወት የተረፈበትን እድፍ እንዲህ በጥንቃቄ የሚመረምር ድርጅት በእውነቱ አላየሁም። ስለዚህ እንዲህ ብናደርግስ? የወንበሩን ልብስ እኔ ከነጨርቁ በነጻ አዲስ እሰፋለሁ፤ እርስዎ ሹፌሩን ወደ መሪው ይመልሱልን።

ይህን የምለምነው ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ደርሷል፤ በዚያ መንገድ የሚሄደው የእርስዎ አውቶቡስ ብቻ ነው። ባለቤቴ ተኝቶ ትንፋሹ ትንሽ ሲዘገይ ብድግ ብዬ አልቦት እንደሆነ አንገቱን እዳስሳለሁ፤ "ደረቅ ነኝ፣ ተኚ" ይለኛል። በዚህኛው ጉዞ መሪውን የሚይዘው ሰው ደንብ አክባሪ እንዳይሆን እጸልያለሁ።

በንጹሕ ወንበርዎ ላይ እየተንቀጠቀጥሁ የተጓዝሁ፣ ዳግመኛም መሳፈር ግድ የሆነብኝ፣ ለመመሪያዎ ያለኝን ፍርሃት ከአክብሮት ጋር የማቀርብልዎ፣

ልብስ ሰፊዋ ተሳፋሪዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላስረክብዎ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ፣ "ምሳ ሰዓታቸው ነው፣ ከምሳ ሰዓታቸው ዝንፍ አይሉም" ብላ በትሕትና መለሰችኝ። አልተቀየምሁም። ሰው በሰዓቱ ሲበላ ደስ ይለኛል።