ሱሪ ተከናንቤ ያየሁት ውድድር

ልጄ፣ የረገጥሽበትን ሁሉ ያጽናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

አንቺ በረዶ አገር ከሄድሽ ወዲህ፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጨፍሩበት ውድድር በቴሌቪዥን አያመልጠኝም። እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ያቺ ሰማያዊ ለባሽ ልጅ ያሸነፈችበትን የሚያህልብኝ የለም። ልትዘል ስትል ግን የምሰፋውን የደንበኛ ሱሪ ፊቴ ላይ እጥላለሁ፤ አባትሽ «በእግሯ ቆማለች» ሲለኝ እገልጣለሁ።

ትናንት ሲደግሙት እጄ ላይ ሱሪ አልነበረም። ለካስ የኔ ጉድ አንዴ አይደል ሁለቴ ተዘርራለች! አባትሽን ባፋጥጠው፣ «ኋላ ቆማ የለም እንዴ?» ብሎ ድርቅ አለ።

አንቺም በስልክ «ደህና ነኝ» ስትዪ ቁርጥ አባትሽን ነሽ። አምላክ ደግፎ ይያዝሽ፣ ልጄ። ስትወድቂም ደውዪልኝ፤ ፊቴን አልሸፍንም።

እናትሽ