ሳይመዘን የማይከፈት ፖስታ

ታላቅ እኅታችን፣ በሥራ ቦታቸው «እትዬ ቆይ» በመባል የሚታወቁት፣ ከአባታቸው ከሰዓት ጠጋኙ እና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ነሐሴ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሰዓት ሲፈቱ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ የሚደረድሩት እሳቸው ነበሩ። አንድ ብሎን ከጎደለ ምሳ አይቀርብም ነበር።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው በ1971 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ሠልጥነውም በ1974 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም፣ በአይጦች ክፍል ተቀጠሩ።

ክፍሉ የሚያጠናው የወንድ ሆርሞን በጡንቻ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። የተኮላሹ አይጦች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ በዘይት የተበጠበጠ ሆርሞን፣ ግማሾቹ ባዶ ዘይት በየቀኑ ይወጋሉ። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ጡንቻቸው ይመዘናል። የእግር ጡንቻ ለሆርሞኑ እምብዛም አይታዘዝም፤ ከጅራት ሥር ያለችው ትንሽ ጡንቻ ግን ሆርሞን ስታጣ ትሟሽሻለች፣ ስታገኝ ትፋፋለች። መዛኙ ውጤቱን እንደ ምኞቱ እንዳያነብ ጠርሙሶቹ «ሀ» እና «ለ» ብቻ ይባላሉ። ጠርሙሶቹን የሚሞሉት፣ የትኛው ምን እንደያዘ የሚገልጸውንም ወረቀት በፖስታ አሽገው የሚያስቀምጡት እትዬ ቆይ ነበሩ። ቅጽል ስማቸው የመጣው ፖስታው ቶሎ እንዲከፈት ለሚጎተጉቷቸው ሁሉ ከሚሰጡት መልስ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

የ1988 ዓ.ም. ነገር ካልተነሣ ይህ ታሪክ ጎዶሎ ይሆናል። ሃያ አራት አይጦች ተመዝነው ፖስታው ተከፈተ። ወረቀቱ ሆርሞን የያዘው «ሀ» ነው ይላል፤ የፋፋችው ጡንቻ ግን የ«ለ» አይጦች ነበረች። የክፍሉ ኃላፊ ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት በጉባኤ ሊያቀርቡ ነበር። አንድ ባልደረባ «ጠርሙሶቹ ተቀያይረው ነው፤ እኛም የወረቀቱን ሀ እና ለ ገልብጠን እንለፈው፣ ማን ያውቃል?» አለ። ኃላፊው አልከለከሉትም። ነገሩን መሸፈን ለእኅታችንም ይበጃቸው ነበር፤ ነገሩ ከተጣራ ተጠያቂዋ እሳቸው፣ የሚያጡትም ሥራቸውን ነበር።

«ቆይ» አሉ። «በግምት አይገለበጥም። የምናጠናት ጡንቻ ለራሷ ምስክር አትሆንም። የአይጦቹ ፕሮስቴት ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ እሱ ይመዘን።» የፕሮስቴት ዕጢ ያለ ሆርሞን ስለሚኮማተር፣ ሆርሞኑን የተወጉት የትኞቹ እንደሆኑ ለብቻው ይናገራል።

የሚዛኑን የመስታወት በር እየከፈቱና እየዘጉ ዕጢዎቹን አንድ በአንድ መመዘን ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ የ«ለ» ዕጢዎች የ«ሀ»ን ሦስት እጥፍ ይመዝኑ ነበር። ያው ባልደረባ «በቃ፣ ገባን» ሲል፣ «ቆይ፣ አሥራ ሰባት ይቀራሉ» ብለው እስከ መጨረሻው መዘኑ። ከዚያም መዝገቡ ላይ «የጠርሙሶቹን ምልክት ያቀያየርኩት እኔ ነኝ» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ከሥራ አልተባረሩም፤ ለአንድ ዓመት ግን የአይጥ ሳጥን እንዲያጥቡ ተመደቡ። «እትዬ፣ ይኼኛው ሳጥን ሀ ነው ለ?» እያለ ለሚያሾፍባቸው «ሲደርቅ እነግርሃለሁ» ይሉት ነበር። ጥናቱ እንደ አዲስ ተሠራ። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ከየጠርሙሱ ጥቂት ጠብታ ለማመሳከሪያ እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

የመጨረሻው ጥናታቸው የተጀመረው ዘንድሮ ሚያዝያ 28 ቀን ነው። ጠርሙሶቹን ሞልተው፣ ፖስታውን አሽገው በአምስተኛው ቀን የጉበት ሕመማቸው ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ። ፖስታውንም ይዘውት ገቡ። መርፌው ያለ እሳቸው ቀጠለ። ሊጠይቋቸው የሄዱት የአሁኑ የክፍሉ ኃላፊ «እትዬ፣ እንደ ሰማንያ ስምንቱ ቢሆንብንስ? አሁን እርስዎ እያሉልን ብንከፍተው» ቢሏቸው፣ እኅታችን ፖስታውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ለሴት ልጃቸው ሰጧት። ያን ቀን «ቆይ» ለማለት ድምፅ አልነበራቸውም፤ እጃቸውን ብቻ አነሡ።

ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል።

የመጨረሻው ምዘና የሚካሄደው ግንቦት 19 ቀን ነው። ልጃቸው ፖስታውን ዛሬ ከቀብሩ በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ ታስረክባለች። ጠርሙሶቹ ተቀያይረው እንደሆነና እንዳልሆነ ከቤተሰቡ የሚያውቅ የለም፤ ማኅተሙም አልተነካም።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበልልን፤ ለእኛም እስከ ምዘናው ቀን የምንቆይበትን ትዕግሥት ይስጠን።