አባ መብረቅ ድልድዩን ተሻገረ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንድ ልጄ ለአድነው፤

የኔ ጌታ፣ እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እህሉስ፣ እግርህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የወገቤም ሕመም ትቶኛል። የቀረውን ሰላምታ በኋላ እሞላዋለሁ፤ ወሬው አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። ድልድዩን ተሻገርክ እኮ! ያውም በስድስት!

ቆይ፣ አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን ደብዳቤ ከልጄ በፊት የሚያነቡት ጓድ አለቃ ካሉ፣ ከዚህ በታች ያለው ሽፍታ፣ ጎራዴና ገደል ሁሉ ልጆች በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከመቀስ በቀር መሣሪያ የለኝም።

ያ የዲፕሎማት ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አስተምሯችሁ የሄደው ጨዋታ ነው የምልህ። አንተ ከዘመትክ በኋላ ሸፊና እህቱ ቶይባ ከቦጋለ ጋር ሆነው መጡ፤ ሳጥንህ ውስጥ የተቀመጡትን ወረቀቶች ፈልገው። ሸፊ እንዳስረዳኝ፣ እያንዳንዳችሁ በሐሳብ የፈጠራችሁት አንድ አንድ ሰው አላችሁ፤ ስሙ፣ ጉልበቱና ሙያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። "የአድነው ሰው ታሞ መንደር ቀረ እንላለን፣ እትዬ፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ" አለኝ። ደሜ ፈላ። ልጄ በሰው አገር ታሞ፣ አስታማሚ እንኳ ሳይኖረው ሊቀር? "ወረቀቱን እኔ እይዘዋለሁ፤ ጨዋታውንም አሳዩኝ" አልኳቸው። መጀመሪያ ተሳሳቁ። ይኸው አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት ነው የምንጫወተው።

እናትህ በዚህ ዕድሜዋ ጎራዴ ታጣቂው አባ መብረቅ ሆናለች! ስሙን ስታወጣለት ምን ነክቶህ ነበር ግን? ሸፊ ዓይኑን ጨፍኖ ይተርካል። "ከፊታችሁ የሽፍቶች ሰፈር አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይለናል። እኛ ደግሞ ወረቀታችን ላይ ያለውን ሰው ሆነን እንመልሳለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ያቺ ባለ ስድስት ጎን ጠጠር ተጥላ ትወስናለች። የመጀመሪያ ቀን ቦጋለና ቶይባ እንውጋቸው ሲሉ እኔ "ሽማግሌ እንላክ" አልኩ። ቦጋለ በሳቅ ሞተ። ሸፊ ጠጠሯን አስጣለኝ፤ ወጣልኝ፤ ሽፍቶቹ ታረቁን! አለቃቸውማ ጭራሽ በቅሎ ሸለመን።

ያቺ በቅሎ ናት በኋላ ያጣላችን። ጠብ በተነሣ ቁጥር እኔ "አባ መብረቅ በቅሎዋን ይጠብቃል" እላለሁ። በጦር ልብሱ ሥር ጋቢ አልብሼዋለሁ፤ ስንቁንም ለብቻው አስይዤዋለሁ። አንድ እሑድ ቶይባ ትዕግሥቷ አለቀ።

"እትዬ ደሳለች፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ እኮ አድነው አይደለም። አድነው ጓደኞቹ ሲዋጉ በቅሎ ሲጠብቅ አይተውት ያውቃሉ?"

ወጡን ላማስል ብዬ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። የተጣደ ወጥ አልነበረም።

ከቁስቋም በዓል በፊት በነበረው እሑድ ነው እንግዲህ ጉዱ። ገደል ላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ደረስን። እኔና ቶይባ ተሻገርን፤ የቦጋለ ሰው፣ መድኃኒት አዋቂው፣ ግን ቆስሎ ወዲያ ማዶ ቀረ፤ ገመዱም መበጠስ ጀመረ። ሸፊ ወደ እኔ ዞረ። "አባ መብረቅ ምን ያደርጋል?"

በቅሎዋን ይጠብቃል ልል ነበር። ግን ቦጋለ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ በዚያ ክረምት ወንዝ ሲወስደው ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ዘለህ ያወጣኸው ቦጋለ። ረስቼው መስሎሃል? እንደምትመለስለት አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው በቅሎ ሳስጠብቅህ የከረምኩት።

"ተመልሶ ያመጣዋል" አልኩ።

"አምስት ወይም ስድስት ካልወጣ ሁለቱም ገደል ይገባሉ" አለ ሸፊ። "ቢቀርብዎትስ፣ እትዬ?"

ጠጠሯን ጨበጥኩና ጮህኩ። "ቁስቋም ማርያም! ልጄን ይህን ድልድይ ብታሻግሪልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ!"

"ኧረ እትዬ! ለጨዋታም ይሳላሉ እንዴ?" ሸፊ ሲለኝ ጣልኳት።

ስድስት! ቤቱን በእልልታ ሞላሁት። ቦጋለ ግንባሬን ሳመኝ፤ ቶይባ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ሸፊ ራሱ ትረካውን ረስቶ ይዘላል። ሲሄዱ "ጃንጥላው እንኳ ይቅር፣ የእውነት አይደለም እኮ" ብሎኝ ነበር። ከማርያም ጋር ቀልድ የለም አልኩት። ከሽሮ ሜዳ ቀይ ከፋይ አመጣሁና ራሴ ሰፋሁት፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ለቀቅኩበት። ምነው ባየኸው!

ቅዳሜ ለበዓሉ ይዤው ወጣሁ። ሳስረክብ "ልጄን አሻግራልኝ ነው፤ ስለቴ ሰመረ" አልኩ። ጎረቤታችን የሺሀረግ አጠገቤ ነበረች፤ ሰማችኝ። "አድነው መጣላት!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ በዙሪያችን ያሉት ሴቶችም ተቀበሏት። እንዲህ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን እልልታ ነው። ልጄ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እያቀፉ "መቼ ገባ?" ይሉኛል። "እሑድ" እላቸዋለሁ።

ከሰኔ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰኝም። ሸፊ መንገዱ ነው ይላል። ቦጋለ ደግሞ ድሮም መጻፍ አትወድም ይለኛል። እኔም ለጠየቀኝ ሰው ይህንኑ ነው የምለው። ግን ፈርቻለሁ፣ አድነው፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሺሀረግ ልትስምህ ትኩስ ዳቦ በሰፌድ ይዛ መጣች። "የታል?" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"ተኝቷል" አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ገባችና ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ይተኛ፣ ደክሞት ነው" ብላ በሹክሹክታ ተሰናበተችኝ። እሷ ከሄደች በኋላም ድምፅ እንዳላሰማ ተጠንቅቄ ስራመድ ዋልኩ።

ነገ እውነቱን እነግራታለሁ። አንተ ብቻ አንድ መስመር ጣፍ አድርግልኝ። እመቤቴ በሄድክበት ሁሉ ትቅደምህ፤ ከክፉ ነገር ትጋርድህ፤ ዓይንህን ታሳየኝ። ሸፊ፣ ቶይባና ቦጋለ በናፍቆት ይስሙሃል። የቆሰለ ጓደኛህን ትተህ ና አልልህም፤ እሺ እንደማትለኝ አውቃለሁ። ይዘኸው ና። ለእሱም አልጋ አነጥፋለሁ።

እናትህ
ደሳለች መሸሻ